የተቆረጠው ስፒና

ስፒናውን የቆረጠው ወንድሜ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ እኛ ቤት ይህ ነገር ሲወራ ቆራጩ ሁልጊዜ ስለሚጠፋ ነው። «ማጫወቻው ተቃጠለ» ይባላል፤ በራሱ ተነሥቶ የተቃጠለ ይመስል።

ማጫወቻውን ያመጣችው አክስቴ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ አሠሪዎቿ ሊጥሉት የነበረውን ትልቅ የካሴት ማጫወቻ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጎንደር ድረስ ይዛው ገባች። ለአባቴ ብላ ነው። አባቴ የሟች ወንድማቸው መንዙማ የተቀዳባቸው አራት ካሴቶች አሏቸው። እዚህ የነበሩን ማጫወቻዎች ክሩን እየበሉ ስላስቸገሩ ካሴቶቹ ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዕቃው እንደመጣ መጀመሪያ ያደረግሁት ጀርባውን አዙሬ ማንበብ ነው። መቶ አሥር ቮልት ይላል። ከእኛ ግድግዳ የሚወጣው ሁለት መቶ ሃያ ነው። እንዲሁ ከተሰካ እጥፉ ይገባበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ መሀል ላይ ቮልቱን በግማሽ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

አራዳ ገበያ ወርጄ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ሻጭ በመዳፍ የምትያዝ ቀላል ነገር አውጥቶ «ይቺ ለሁሉም ትሆናለች» አለኝ። ስንት ዋት እንደምትሸከም ብጠይቀው፣ «እህቴ፣ ባልሽን ላኪው፣ ለእሱ አስረዳዋለሁ» አለ። ጥዬው ወጣሁ። ሌላ ቦታ የምፈልገውን አገኘሁ። ማጫወቻው ዘጠና ዋት ነው የሚወስደው፤ እኔ ሦስት መቶ የሚሸከመውን መረጥኩ፣ እንዳይጨነቅና እንዳይግል። ውስጡ ብረትና መዳብ ስለሆነ ሳጥኑ በሁለት እጅ ነው የሚነሣው።

አባቴ ቤት ወስጄ ገጠምኩት። ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ያለዚህ ሳጥን ግድግዳ ላይ አይሰካ» ብዬ ጽፌ ማጫወቻው አናት ላይ ለጠፍኩ። ወደ አዲ አርቃይ በአይሱዙ ዕቃ የሚያመላልሰው ታላቅ ወንድሜ ከአባቴ ጋር ይኖር ስለነበር፣ ለእሱ ደግሞ አባቴ ባሉበት በአፌ ነገርኩት።

«እሺ፣ መምህርት» ብሎ ሳቀ።

አባቴ የወንድማቸውን ድምፅ በሰሙ ቀን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ካሴቱ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም። ሲያልቅ «እንደገና» አሉኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ የአባቴ ጓደኞች ለዱዓ መጡ። ከሥራ ወጥቼ አባቴ ቤት ስገባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። እንግዶቹ ሄደዋል። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። ማጫወቻው ከቦታው ተነሥቶ እንግዶቹ ተቀምጠውበት ወደነበረው በረንዳ ወጥቷል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

«መብራቱ ጨመረና አቃጠለው» አለ ወንድሜ፣ ስልኩን እየነካካ።

ገመዱን ጎተትኩ። ጠፍጣፋው የውጭ ስፒና የለም። በቢላ ተቆርጦ፣ በምትኩ የእኛ ክቡ ስፒና ታስሯል። ጠፍጣፋው ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንደማይገጥም አይቶ ነው የቆረጠው። ያ አለመግጠሙ የመጨረሻው መከላከያ ነበር።

ካቻቢቴ አምጥቼ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩና ክዳኑን ፈታሁት። ካሴቱ ውስጥ ነበረ፤ ክሩን በእርሳስ ቀስ ብዬ ጠቅልዬ አወጣሁት፣ ደህና ነው። ከዚያ ፊውዙን አየሁ። ፊውዙ በማስቲካ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል።

አክስቴን ጠራኋት። «ስንት ጊዜ ነው የሰካው?»

«ሁለቴ። መጀመሪያ ጧ አለና ዝም አለ። ከፈታው በኋላ ደግሞ ሰካው፤ ያን ጊዜ ነው የጨሰው።»

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ማጫወቻው የተሳሳተውን ሰው አንድ ጊዜ ምሮት ነበር። ፊውዙ ተቃጥሎ ቀሪውን አድኖታል። እሱ ግን «ምን ሆነ?» ብሎ እንደመጠየቅ፣ መብራቱ እንዲያልፍ ፊውዙ ላይ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ደገመው።

«ጽፌልህ አልነበረም?» አልኩት።

«ያ ድንጋይ የሚያክል ሳጥን ይከብዳል። እንግዳ ተቀምጦ እሱን ልጎትት?»

«ስልክ ደውለህ ብትጠይቀኝስ?»

«ሌባ የያዝሽ አስመሰልሽው እኮ!»

አባቴ ቀና ሳይሉ «ተዪው ልጄ፣ ታላቅሽ ነው» አሉ። እኔም ተውኩት። እስካሁን በዚያ መተዌ እናደዳለሁ።

ማጫወቻውን ተሸክሜ ወደ ቀሐ ወንዝ መውረጃ ላይ ወዳለ ጠጋኝ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከፍተው ካዩት በኋላ ብርማውን ወረቀት በጣታቸው አንሥተው «ይህን የሠራው ሰው አሁንም መብራት ይነካል?» አሉኝ። በዚያ ሁሉ መሀል የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የተቃጠለው የውስጡ ትራንስፎርመር ነበር። አዲስ መዳብ እንደሚጠመጥሙለትና ለሁለት መቶ ሃያ ካደረጉት ሳጥኑ እንደማያስፈልግ ነገሩኝ። እንዲያ ይሁን አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሸጋ አድርገው መለሱልኝ።

አባቴ ቤት ወስጄ ሳስቀምጠው ወንድሜ ቀድሞኝ ገመዱን ያዘና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካው። ተጫወተ። ወደ አክስቴ ዞሮ «ያለ ሳጥኑ ይሠራል አላልኩም?» አለ። ስለ ጠመጠሙት መዳብ ብነግረው እጁን አወናጨፈ። ሁሉም ሳቁ። አባቴም ፈገግ አሉ።

በማግሥቱ ማጫወቻውንም አራቱንም ካሴቶች ወደ ራሴ ቤት አጋዝኳቸው። ማንንም አላስፈቀድኩም። አባቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እኔ ዘንድ እየመጡ ያዳምጣሉ። ወንድሜን ጠርቼው አላውቅም።

በቅርቡ አንድ ዓርብ ካሴቱ ሲያልቅ አባቴ ሳልጠይቃቸው፣ «የዚያን ዕለት ሲቆርጠው አይቻለሁ። ያልሽውም ትዝ ብሎኝ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ አባባ?»

«በእንግዳ ፊት እንዳላዋርደው ብዬ።»

«እኔንስ? እኔን ማዋረድ አልነበረም?»

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የዚያን ቀን ምሳ ሳቀርብላቸው እንደወትሮው አላጎረስኳቸውም፤ ሲወጡ ግን እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም።