ጋቢና የሚቀመጡት አጎቴ

አጎቴ በወጣትነታቸው በየዓመቱ በሚካሄደው የመኪና ራሊ ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው የሚመጣውን ኩርባ ይናገሩ ነበር። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ጡረታ ወጥተው ወደ ቦንጋ ሲመጡ ግን ፈተናው የእኛ ሆነ። ከትውልድ ቀያችን ከዋጫ በሚኒባስ በመጣን ቁጥር ጋቢና ይቀመጡና፣ «ቀኝ፣ ጠባብ! በሁለተኛ ማርሽ!» እያሉ ሾፌሩን ያዛሉ። መንገዱ ቀጥ ሲል ደግሞ የራሊውን ታሪክ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረው፣ ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደተገለበጠ ይተርካሉ።

«ጋሼ፣ ኧረ ይተዉን! ሾፌሩ መንገዱን ያውቀዋል» ስላቸው፣ «የተገለበጡትም ያውቁት ነበር» ይሉኛል።

ዋጫ ቀብረናቸው ስንመለስ ጋቢና ማንም አልገባም። ጠባቡ ኩርባ ጋ ስንደርስ ያው የዘወትሩ ሾፌር ፍጥነት ቀንሶ ባዶውን ወንበር አየ። ማርሹን ጨብጦ ጠበቀ። በመጨረሻ እኔው፣ ንድድ ብሎኝ፣ «ቀኝ፣ ጠባብ! በሁለተኛ ማርሽ!» አልኩት።