የሽሽት ፍራሽ

በኬንያው ሞያሌ፣ እናቴ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ፍራሽ ነበር። ማንም አይተኛበትም። እንግዳ ቢመጣ እንኳ ሰሌን ይነጠፍለታል እንጂ ያ ፍራሽ አይነካም። የእናቴ ጓደኛ የአዮ ነው። ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ አዮ ቤትም የእኛ ፍራሽ እንዲሁ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የሽሽት ፍራሽ ነው የምንለው። ከተማችንን የማያውቅ ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል።

ሞያሌ አንድ ከተማ ናት፤ መሀሏ ላይ ግን ድንበር አለ። ያሰመሩት የእኛ ንጉሥ ሰዎችና የእንግሊዝ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም እዚህ አገር ከብት አጠጥተው አያውቁም። ጉድጓዱን ለአንዱ፣ ግጦሹን ለሌላው አድርገውት ሄዱ። ከዚያ ጣልያን መጣ፤ እሱ ከማዶ ሲተኩስ፣ እንግሊዝ ከዚህ ሲመልስ ሰው መሀል ላይ አለቀ። እነሱም ሄዱ። ዛሬ ይህ መሬት የማን ነው እየተባባሉ የሚገዳደሉት ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ዘመዳሞች ናቸው። የጎሳዎቹን ስም አልጠራም። እዚህ ስም የጠራ ሰው ወገን ይዟል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወገን መያዝ ሰልችቶኛል።

ብዙ ጊዜ ተኩሱ በአንዱ በኩል ሲነሳ ሌላው በኩል ሰላም ነው። ስለዚህ ማዶ ሲተኮስ የማዶ ሰው ወደ እኛ ይሮጣል፤ እዚህ ሲተኮስ እኛ ወደዚያ። ከድንበሩ ባሻገር የሚሸሽበት ቤት የሌለው ሰው የለም። እናቴና አዮ ደግሞ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፤ ተኩስ ያልደረሰበት ቤት ባለቤት ከቤቷ አትወጣም፣ የምትሸሸው ስትደርስ ሰው ማግኘት አለባት።

ደንቡን ያወጣችው አዮ ናት። አዮ በዚህ አገር ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምጠራት። የተወለደችው እዚሁ ኬንያ፣ ኦቦ የሚባል መንደር ነው። ኬንያ ነፃ በወጣች ሰሞን በተነሳው የሽፍታው ጦርነት ጊዜ ወታደሮች የቤተሰቧን ግመሎች ፊታቸው ረሽነውባቸው ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። በእግራቸው ሲኳትኑ ቆይተው አክስቷ ቤት ሲደርሱ ሰው የለም። አክስቷም ሸሽታለች። "ደጁ ላይ ተቀመጥን፣ እናቴ ያን ቀን ነው ያረጀችው" ትል ነበር። የእኔ እናት ደግሞ በተቃራኒው ነው የመጣችው። ደርግ ሲወድቅ፣ ወታደር ከነበረው አባቴ ጋር፣ እኔን አዝላ ወደዚህ ተሻገረች። አባቴ ሳይቆይ ሞተ። ሁለቱ ሴቶች ገበያ ላይ ተዋወቁና እስከ መጨረሻው አልተላቀቁም።

"አገሬን ቀምተሽኝ ተቀምጠሻል" ትላታለች አዮ።

"ውሰጂው፤ ምን የረባ ነገር አለውና። የኔን ግን መልሺልኝ" ትላለች እናቴ።

እንዲህ ሲባባሉ ሻያቸው ይበርድ ነበር። እኔ በሰው ፍቅር ቀንቼ አላውቅም፤ በነሱ ግን እቀና ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዱካዬን፣ ትንሿን ሱቄን፣ ከፍቼ ሸቀጥ እየደረደርኩ ነበር። ከሰፈራችን ከማንያታ ላይኛው ጫፍ ተኩስ ተሰማ። ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። አዮ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ሁልጊዜም ሲፈለግ የለም። ዋናው መንገድ በሰውና በመኪና ስለተጨናነቀ በቦረቦሩ በኩል ወረድን። እዚያ ውስጥ ተኩስ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ የሰማነውን ሁሉ የእኛው ሰፈር ነው ብለን ሄድን።

አዮ ቤት ስንደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ፔርሙዙ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በወተት የተፈላው ሻይ ትኩስ ነው። "ወተት ልትገዛ ወጥታ ይሆናል" አለች እናቴ። እኔም አመንኳት። ቀዳሁላት፣ ጠጣን። ፍራሻችንን ከጥግ አውጥቼ መፍታት ስጀምር አጥሩ ሥር ተተኮሰ። ያኔ ገባኝ። እዚህም ተነስቷል። አዮ ወተት ልትገዛ አልወጣችም። በመንገዱ በኩል ወደ እኛ ሄዳለች።

"እማ፣ እኛ ቤት ነው ያለችው" አልኳት።

እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። "ባዶ ቤት" አለች፤ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ተነስታ ልትወጣ ስትል ወገቧን ይዤ አስቀረኋት። ታገለችኝ። ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ደጁ ላይ ጥይት እየወረደ እንዴት ልልቀቃት?

ከሰዓት በኋላ ጋብ ሲል ተመለስን። በራችን ላይ ያገኘናት ጎረቤታችን አንገቷን ደፍታ ቆማለች። የሆነውን የነገረችን እሷ ናት።

አዮ ቁልፉ የሚንጠለጠልበትን ታውቃለች። እኛ ሰፈር ተኩሱ ለጊዜው ጋብ ብሎ ስለነበር ከፍታ ገባች። ቤት ጠረገች፣ ባቄላ ጣደች፤ ስንመለስ እንድንበላ ነው። ተኩሱ ተመልሶ ሰፈሩ ከከተማ ውጭ ወዳለው ቦሪ መሸሽ ሲጀምር ጎረቤታችን መጥታ "ማማ፣ ተነሺ እንሂድ" ብላታለች። "የቤቱ ሰዎች ሲመጡ ማን ያገኛሉ?" አለችና እምቢ አለች። ፍራሿን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ የኋላ ግድግዳው ሥር ዘርግታ ተቀመጠች። የቤታችን የኋላ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ጥይት በስቶት ገብቶ ገደላት። ጭቃ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ ማታ ማታ እንደዚያ እላለሁ። ባቄላው ከድስቱ ጋር ከስሎ ነበር።

እናቴ አዮን ኦቦ፣ ዘመዶቿ መሀል ልትቀብራት ፈልጋ ነበር። መንገዱ ዝግ ነው። እዚሁ ማንያታ ጫፍ ላይ፣ በችኮላ ቀበርናት። በልጅነቷ ጥይት አሳድዶ ካስወጣት አገር፣ ስታረጅ ጥይት መልሶ አስገባት።

ከዚያ እንደ ደንቡ የሰላም ስብሰባ ተደረገ። ድንኳን ተተከለ፣ ሰንጋ ታረደ፣ የሁለቱም አገር ባለሥልጣን ተቃቀፈ። ጥይቱ የማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። የሰርካሊው ሰውዬ፣ የዚህኛው መንግሥት ሹም ማለቴ ነው፣ "ያለፈውን እንተወው እህቴ" አለኝ። ያለፈው መቼ አለፈና ነው የምንተወው? ንጉሡም እንግሊዙም አልፈዋል ተብሎ የለ። ከድንኳኑ ወጣሁ። ብጮህ ማን ይሰማኛል።

ባለፈው ሰሞን እንደገና ተነሳ። ከላይኛው ጫፍ ነው፣ እንደዚያኛው ቀን። ሰፈሩ እየወጣ ነው። ማዶ ሰላም ነው አሉ፤ አሁን ቤቷን የያዘው የአዮ ልጅ ራሱ ደውሎ "ኑ፣ ፍራሻችሁ አለ" አለኝ። ጥቂት ልብስ ሸክፌ እናቴ ፊት ቆምኩ።

"እማ፣ ተነሽ።"

እሷ ግን የአዮን ፍራሽ ቆርቆሮው ሥር ዘርግታ ተቀምጣለች። የደሙን እድፍ ብናጥበው ብናጥበው አለቀቀም።

"እማ፣ አዮ ሞታለች እኮ።"

"ገላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ እንባ የለም፣ ቁጣም የለም። "ያኔ ስትመጣ ሰው አላገኘችም። እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም። አንቺ ሂጂ።"

ተኩሱ እየቀረበ ነው። ቦርሳውን መሬት አስቀመጥኩና እሷ ከቆርቆሮው ራቅ እንድትል ወዲህ ገፋ አደረግኳት። ቆርቆሮው ሥር እኔ ተቀመጥኩ።