ሌላዋ መርየም

ኦማን አገር፣ ቦሻር በሚባል ሰፈር ባለ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዛሬ ረፋድ አንዲት ወጣት ኦማናዊት ስታምጥ እናቷ ራስጌዋ ቆመው ቁርኣን ይቀሩላት ጀመር። ከመሃሉ «መርየም» የሚለውን ስም ስሰማ ክው አልኩ።

የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ መደቡ ላይ ተኮራምታ «ማርያም፣ ድረሺልኝ!» ብላ ስትጮህ ድምፁ የእሷ አልመስልሽ አለኝ። ደሙን ሳይ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። እኛ ካቶሊኮች ነን፤ ጴንጤዋ አክስቴ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ «ጌታን አትጠሪም? ማርያም ምን ታደርግልሻለች?» ትላታለች፣ በዚያ ሰዓት! በድንጋጤዬ እናቴ የምትጠራቸው የመሰሉኝ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ እትዬ መርየም ናቸው። በረርኩ።

«እትዬ መርየም፣ እማዬ ድረሺልኝ እያለች ነው!»

ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ መጡ። ወንድሜ አንገት ላይ የተጠመጠመውን እትብት የፈቱት እሳቸው ናቸው።

አመሻሽ ላይ አክስቴ ክርክሯን ስትቀጥል እናቴ በደከመ እጇ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ይቺ ልጅ አዋለደችኝ እንዴ? ሮጣ ነገረችልኝ እንጂ። ማርያምም ለልጇ ትነግርልኛለች። ሌላ ምን አልኩ?»

ያኔ የገባኝ ሰው ተሳስቼ ጠርቼ እንዳልተቆጡኝ ብቻ ነው።

የኦማናዊቷ እናት ክንዴን ጨምድደው ሲይዙኝ ባነንኩ። የፅንሱ የልብ ምት እየወረደ ነው።

«ያላ፣ ፍጠኚ ሲስተር! ለዶክተሯ ንገሪልን!»

ጓንቴን ሳላወልቅ ሮጥኩ።