ለሞተር የተሠራ ቅርጫት

ወንድሜ ከቡሬ ገበያ ያዘዘውን ቅርጫት ሳይቀበል ሞተ። ከዚህ ብጀምር ይሻለኛል። ከሌላ ቦታ ስጀምር አልጨርሰውም።

ታላቄ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኔም አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሲጎድለኝ ከእሱ ጋር ብረት መፋቅ ጀመርኩ። ጋራዡ ጓሮ በንጉሡ ጊዜ የገባች አንዲት አሜሪካ ሠራሽ መኪና ቆማ ነበር። ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሞተሯ ባለ ስምንት ፒስተን። ብዙ ዘመን ከመቆሟ የተነሳ ጎማዋ መሬት ውስጥ ሰጥሞ ነበር። ባለጋራዡ ወንድሜን «ካስነሳሃት ያንተ ናት» አሉት። አስነሳት። ያን ቀን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ወንድሜ፣ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፈረንጅ ጥሎት በሄደው መጽሔት ውስጥ ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ የእሽቅድድም መኪና አየ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የእኛዋንም ሞተር ከፊት አውጥቶ መሃል ሊያደርገው ነው፤ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት።

ባለጋራዡ ሳቁ። በዕድሜ አባታችንን ያህላሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን።

«ሞተሯን ልታሳዝላት ነው በለኛ! በል ሂድና ከእናትህ አንቀልባ ተዋስ።»

«ጋሼ፣ ሕፃን በደረቱ ታቅፎ የሚሮጥ ሰው አይተው ያውቃሉ? ይደፋል። ያዘለ ግን ይሮጣል። ይህችም ኩርባ ላይ የምታስቸግረው አፍንጫዋ ከብዷት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ብረት ሁላችንም «አንቀልባው» እንለው ጀመር። ገና ያልተሠራውን ብረት ማለቴ ነው።

ችግሩ ሞተሩ እዚያ መግባት አለመግባቱ ነበር። ያን የሚያህል ብረት በሰንሰለት እያወጡ እያስገቡ መሞከር አይቻልም። አንድ ቀን ወንድሜ ዕቃ ፍለጋ ቡሬ ሄዶ፣ ቀርከሃ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የዶሮ ቅርጫት ሲያበጁ አየ። ቆም ብሎ አሰበና ሞተሩን የሚያህል ቅርጫት እንዲሠሩለት አዘዘ። ቅርጫት አይከብድም፤ አንድ ሰው ይዞት ከየትም ከየትም ሊሞክረው ይችላል። ማታ እየሳቀ ነገረኝ።

ከዚያ ታመመ። ወባ ነው አልን። ወባም ነበር። ስለዚህ ብዙ ልጽፍ አልችልም።

ከተዝካሩ በኋላ ጋሼ ጠሩኝ። መኪናዋን ሳይሆን መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ልጄ፣ እሷን እያየሁ መዋል አቃተኝ። ቆርቆሮዋን ለበር የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ሞተሩ ኋላ ይገባል ካልክ እስከ ፋሲካ አሳየኝ። ካልገባ ትቆረጥ።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ወደ ቡሬ ሄድኩ።

ሽማግሌውን ገበያው ጥግ አገኘኋቸው። ወንድሜ ለሞተር የሚሆን ቅርጫት አዝዞ ነበር ስላቸው ሳቅ ቀደማቸው።

«ያ ረጅሙ! ገበያተኛው መሳቂያ አደረገኝ እኮ። ምን ሊቀፈቀፍበት ነው እያለ። የት ጠፋ እሱ?»

ጥቁር መልበሴን አዩ። ቢላቸውን መሬት ላይ አኖሩና «እግዚአብሔር ያጥናችሁ ልጄ» አሉ። ቅርጫቱን ከድንኳናቸው ውስጥ አወጡልኝ።

ወንድሜ ልኩን ነግሮኛል፤ ክንድ ከስንዝር። ክንዴን ጋደም አድርጌ ለካሁት። ቅርጫቱ ይበልጣል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ያን የሚያህል ነገር ከወንበሩ ኋላ አይገባማ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትልቅ ሆኗል። ወንድሜ ክንድ ከስንዝር ነበር ያለዎት።»

«በማን ክንድ?»

«እ?»

«በማን ክንድ ነው የለካኸው? በራስህ?» አሉና ከተቀመጡበት ማዳበሪያ ሥር አንድ የቀርከሃ ዘንግ ሳቡ። «እኔ አጭር ነኝ። በእኔ ክንድ ብሠራ ያንስበታል ብዬ ይህን ዘንግ በእሱ ክንድ ልክ ቆረጥኩት። ይኸ ጫፍ ክርኑ ነው። ይኸ የመሃል ጣቱ።»

ዘንጉን ተቀብዬ አንዱን ጫፍ ክርኔ ላይ ገጠምኩት። ሌላው ጫፍ ጣቴን አልፎ ሄደ።

ዘንጉን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ሌላ ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመሩ፤ እኔን ላለማየት ይመስለኛል። ስነሳ «ውሰደው፣ ዘንጉንም» አሉኝ።

አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ «ዶሮዎቹስ?» አለኝ። «ቀድመው ሄደዋል» አልኩት። ራሴን ገረመኝ፤ ከወንድሜ ሞት በኋላ ስቀልድ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋራዥ ስደርስ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ቅርጫቱን ሞተሩ ላይ ደፋሁት። እንደ ባርኔጣ ልክክ አለ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። የኋላውን ወንበር ቀደም ብለን ነቅለነው ነበር። ቅርጫቱ በበሩ አልገባም አለ። አጋደምነው፤ እምቢ አለ። በዕቃ መጫኛው በኩል ዞረን ጋሼ ከውጭ ሲገፉ እኔ ከውስጥ ስስብ፣ ገብቶ ቁጭ አለ። ከኋላው፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፍሬንሻል ጋ ለመድረስ ጭብጥ የሚያህል ክፍተት ተርፎታል።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ካምቢዮውስ የት ሊገባ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። ግን አነጋገራቸው የተቸገረ ሰው አይመስልም ነበር። ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። «አትቆረጥም። በል ያንን ረጅሙን ብረት አምጣ፣ አንቀልባዋን እንጀምርላት።»

ብረቱን አመጣሁ። ሜትሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ እጃቸውን ሰደዱለት፤ ከዚያ በብብቴ ሥር የያዝኩትን ዘንግ አዩና እጃቸውን መለሱ።

«በእሱ ለካው» አሉኝ።

ዘንጉን ብረቱ ላይ አጋደምኩት፤ ከክርኑ ጀምሬ ጣቱ ያለቀበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ።