ስንቅነሽ በማዳበሪያ የቋጠረችው ገመናዬ

የፋሲካ ማግስት ጠዋት... የግቢያችን ሽንት ቤት ሞልቶ ወደ ውጭ መፍሰስ ጀመረ። አከራያችን ጋሽ ታደለ ደግሞ ከእነዋሪ ከተማ የሚመጡ ዘመዶቻቸውን ምሳ ጠርተዋል።

ሦስታችንንም ተከራዮች ሰብስበው «ይህን የደፈነ ሰው ከታወቀ ዛሬውኑ ዕቃውን ይዞ ይወጣልኛል!» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ከሐዋሳ ለፋብሪካ ሥራ ደብረ ብርሃን ስመጣ «ልጅ ላላት አናከራይም» እየተባልኩ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ፈልጌያለሁ። ደግሞ ጥፋተኛዋን አውቃታለሁ... የልጄን መጥረጊያ ዋይፕስ ሽንት ቤት ጥዬ ውሃ የምለቅበት እኔው ነኝ። የበጉን ድስት ስብም በፈላ ውሃ አጥቤ እዚያው ደፍቼዋለሁ። ቀልጦ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!

ቧንቧ ሠራተኛዋ መጣች። ስንቅነሽ ትባላለች፣ የሰላ ድንጋይ ከተማ ልጅ ናት። በዓል ነው ሳትል ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ የጉድጓዱን ክዳን ከፈተችና ረጅም ሽቦ ሰደደች። ጋሽ ታደለ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ ልጄን አዝዬ ውሃ አቀብላታለሁ።

ገፋች፣ አዞረች፣ ሳበች... ወጣ። በስብ የተለሰነ የዋይፕስ ክምር!

ስንቅነሽ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን አየች። ከዚያ ጀርባዋን ለጋሽ ታደለ ሰጥታ፣ ሁሉንም ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ ቋጠረችው።

«ምንድን ነው የተገኘው?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ቆሻሻ ነዋ ጋሼ! ሽንት ቤት ውስጥ ሌላ ምን ሊገኝ ኖሯል?»

እሳቸውም ሳቁ። ውሃውም ሽው ብሎ ወረደ።

እጇን ሳስታጥባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

«ዓመት ከሦስት ወር።»

«እግዜር ያሳድግልሽ። ክዳን ያለው ባልዲ ግዢና ዋይፕሱንም ሞዴሱንም እዚያ ጣዪ፤ ውሃ አያሟሟውም። ስቡን ደግሞ ሲረጋ ጠርገሽ ከቆሻሻ ጋር ጣዪው። በደብረ ብርሃን ብርድ ስብ ቱቦ ውስጥ ሻማ ነው የሚሆነው።»

እንባዬ መጣ። ጎበዝ ባለሙያ ብዙ አይቻለሁ፤ ገመና ሸፋኝ ባለሙያ ግን እሷ የመጀመሪያዬ ናት። እስከ ክርኗ ቆሻሻ ውስጥ ገብታ የእኔን ፊት ንጹሕ አድርጋልኝ ሄደች።

ባልዲው ተገዝቷል። እሷ ቋጥራ የወሰደችልኝን ጉድ ግን ይኸው እኔው ራሴ ዘረገፍኩት... ደግነቱ ጋሽ ታደለ ፌስቡክ የላቸውም።