የታደለ ፍሬን ለምርመራ የቀረበበት ቀን

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሽቱትጋርት በባቡር ተነሣሁ። ፍራንክፈርት የሚኖረው ታደለ የልጅነት ሰፈሬ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ የሠራት አሮጌ የአሜሪካ መኪና በዚያ ቀን ለምርመራ ትቀርባለች። ዓላማዬ አብሬው ሄጄ ለመጽሔታችን መጻፍ ነበር። ባቡር ላይ በአራት ዩሮ የገዛሁትን ቡና ግማሹን ተውኩት።

ዞሰንሃይም (ፍራንክፈርት)፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ታደለ ከሚኖርበት ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሥር ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ዓመት አልፏል። ስምንቱን ሲሊንደር ሲያስነሣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተዘጋ።

ጊዜያዊ ሰሌዳዋ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነበር። የቤቶቹ አስተዳደር ሰሌዳ የሌለው መኪና እስከ ዓርብ ከግቢው ይውጣ ብሎ ጽፎለታል። ማንሃይም ያለ ገዢ ደግሞ በየቀኑ ይደውላል።

«የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ካገኘች የእኔ ናት» አለ ታደለ። «ካላገኘች የሱ ናት።»

ያሳሰበው የፊት ፍሬኑ ነው። የድሮውን የታምቡር ፍሬን አውጥቶ ከሌላ መኪና የመጣ ዲስክ ገጥሞባታል። አልገጥም ያለውን ደግሞ በቶርኖ ባወጣው ማያያዣ ብረት አስሮታል። ፓፒር፣ ማለትም የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት፣ የለውም።

በዕቃ ማድረሻ መኪናው ሊከተለን የመጣው ጎረቤቱ ሰይድ፣ የጤፍና የቅመም ነጋዴ፣ መፍትሔ አዘጋጅቷል።

«ጋሽ ታደለ፣ ከጠየቁህ ያኔ አሜሪካ የነበረው ባለቤቷ ነው ያሠራው በላቸው። የዘመኑ ሥራ ከሆነ ይቀበላሉ።»

«የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ልዋሽ?»

«ሽማግሌ የምትሆነው እሑድ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ታደለ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

አውቶባን፣ አራት ሰዓት ከሩብ

ቀበቶው የወገብ ብቻ ነው። የማይንን ወንዝ ተሻግረን በፈጣን መንገዱ ወደ ፍሉግሃፈን (አየር ማረፊያው) አቅጣጫ ስንነዳ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ፍጥነት ቀነሰ። ታደለ ፍሬን ያዘ፤ መሪው ወደ ግራ ሳበ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ከትናንት ወዲህ ነው። ለሙከራ ብዬ እልፍነሽን ይዤ ወጥቼ ነበር።» እልፍነሽ ባለቤቱ ናት። «መቶ ሠላሳ ስንደርስ እንደ ልጅ ሳቀች። ስድስት ዓመት ስትቆጣኝ ከርማ።»

ማስታወሻዬ ላይ «ወደ ግራ ይስባል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀበቶዬን አጠበቅሁ።

ምርመራ ጣቢያው፣ አምስት ሰዓት

መርማሪው ሸምገል ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ጀርመናዊ ነው። መብራቱን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ሞተሩን አየ፤ ስለ ሞተሩ ጥሩ ቃል ተናገረ። ከዚያ መኪናዋን በማንሻው ከፍ አድርጎ ከሥሯ ገባ።

«ይህን ማያያዣ ማን ሠራው?»

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ» አለ ታደለ። «በቶርኖ።»

ከውሸት ያዳነው እምነቱ ብቻ ነው ብዬ አልጽፍም። ታደለ ያደገው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ ዕቃ ሲጠፋ ባለሙያው ራሱ ያወጣዋል፤ የማን ሥራ ነው ሲባልም ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም።

መርማሪው አልተከራከረም። ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ በእጅ ባትሪው ጠጋ ብሎ አየና ጠራን። በግራ በኩል ካለው የቡሎን ቀዳዳ የተነሣ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ብረቱን ከግማሽ በላይ አቋርጦታል።

«ይህች መኪና ከዚህ በራሷ ጎማ አትወጣም» አለ።

ታደለ ስንጥቁን በጥፍሩ ተከተለው። «ትናንት እልፍነሽ ውስጧ ነበረች» አለ በአማርኛ።

«እንዳልኩህ ብትለው ኖሮ...» ብሎ ሰይድ ጀመረና አልጨረሰውም። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ተመለሰ። «መጋዘኔ ውስጥ ጆንያዎቹን ወደ ግድግዳ እገፋቸዋለሁ። ፓፒር ያለው ፍሬን እስክታስገጥም እዚያ ትቁም። ለማንሃይሙ ሰውዬ አትደውል።»

«ብደውልስ? እንዲህ ሆና ለማን እሰጣታለሁ?»

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናዋ በመኪና ጫኝ ተጭና ወደ ሰይድ መጋዘን ሄደች።

መመለስ

ባቡር ውስጥ ማስታወሻዬን አነበብኩ። ሰዓቱም ቦታውም፣ መሪው የሳበበት አቅጣጫም በትክክል ተጽፏል። የተሳሳተ ነገር የለበትም። «ታደለ፣ ዳር ያዝና አቁም» ማለት ግን የእኔ ፈንታ ነበር፤ አላልኩም። ነገሩን በትክክል መመዝገብ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት እንዳልሆነ በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ታደለ ደወለ።

«ለእልፍነሽ መኪናዋ ምርመራውን ወደቀች አልኳት። ምክንያቱ ፓፒር ነው ብያታለሁ።»

«ፓፒሩም የለም፤ ልክ ነው።»

«ስንጥቁን ትጽፈዋለህ?»

«እጽፈዋለሁ።»

ከበስተጀርባው ሳህን ሲታጠብ ይሰማል።

«በል እንግዲህ ስልኩን ልዝጋው» አለ። «ከአንተ ቀድሜ ልንገራት።»