የብስኩቱ መመለሻ ምክንያት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጋሽ ሸምሱ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ለራሴ ደገምኩት... ገብቼ፣ ሳሙናና ፓስታ አንስቼ፣ ማንንም ሳላናግር እወጣለሁ።

የማይሆን ነገር አልነበረም። ጋሽ ሸምሱ የድሮውን ባንኮኒ አፍርሶ ሱቁን ሱፐርማርኬት ካደረገው ገና ወሩ ነው። ባንኮኒው በነበረበት ቦታ አንዲት ማሽን ተቀምጣለች። ዕቃህን ከመደርደሪያ ራስህ ታነሳለህ፣ መስመር መስመር ያለበትን ጎን ለቀይዋ መብራት ታሳያለህ፣ «ጢጥ» ትላለች። ስትጨርስ ወረቀት ትሰጥሃለች። ወረቀቱን በር ላይ ለተቀመጠችው ለትዕግስት ሰጥተህ፣ ከፍለህ መውጣት ነው። «ቤተሰብ ደህና ነው?» የሚልህ የለም።

የዲላ ሰው ማሽኗን አልወደዳትም። እኔ ግን ያን ሰሞን ከእሷ የተሻለ ባለሱቅ አልፈልግም ነበር።

እናቴ ከሞተች ሃያ ቀኗ ነበር።

ፍቼ ሄጄ ቀብሬያት ተመለስኩ። ለማስተምርበት ትምህርት ቤት «የቤተሰብ ጉዳይ ነበረብኝ» አልኩ። ለጎረቤት ምንም አላልኩም። ለምን እንደሆነ... ዲላ ውስጥ ማንም እስካልሰማ ድረስ፣ ዲላ ውስጥ እናቴ አልሞተችም። «እናትህ እንዴት ናት?» ሲሉኝ «ደህና ናት» እላለሁ፤ ስለው ደግሞ ለአንድ አፍታ ደህና ትሆናለች።

የምፈራው ጋሽ ሸምሱን ነበር። እናቴ ስኳር በሽታ ስለነበረባት፣ ስኳር የሌለው ብስኩት በየወሩ ወደ ፍቼ በሚሄድ ሰው እልክላት ነበር። ብስኩቱን የሚያስመጣልኝ እሱ ነው። ሳልጠይቀው ከባንኮኒው ሥር ያወጣና «የእናትህ» ብሎ ይሰጠኝ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ላለመስማት ነው እንግዲህ ማሽን መልመድ የፈለግኩት።

ማሽኗ ጋ ሰልፍ አለ። ከፊቴ እማማ ዘነበች ናቸው፤ ጪጩ ገበያ አቮካዶ የሚሸጡ ሴትዮ። አንድ ፓኬት ሻማ ይዘው ይታገላሉ።

«ይቺ ማሽን እኔን አልወደደችም!» አሉ። «ሸምሱ! ድሮ አንተ ለልጅ ልጄ ከረሜላ ጣል ታደርግ ነበር። አሁን ምርቃቱን ማን ሊሰጠኝ ነው? ይሄ ብረት?»

«ይገልብጡት እማማ፣ መስመሩን ያሳዩት» አለ ጋሽ ሸምሱ ከውስጥ፣ ካርቶን እየቀደደ።

«እኔን ግን ተመችታኛለች» አለ ከኋላዬ የቆመ፣ የሐኪም ጋውን የለበሰ ወጣት። «ማሽን ቢያንስ መቼ ነው የምታገባው ብላ አትጠይቅም።»

እማማ ዘነበች ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ገባኝ! አንተ እንዲህ ከብረት ጋር እያወራህ ነዋ ሳታገባ የቀረኸው!»

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ተራዬ ደረሰ።

ሳሙና። ጢጥ። ፓስታ። ጢጥ። አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀርቶኛል። ጣቴን ወደ ቁልፏ ዘረጋሁ።

በትከሻዬ ላይ አንድ እጅ አለፈ። ሰማያዊ እሽግ ይዟል። ጢጥ።

«የእናትህን ረስተህ!» አለ ጋሽ ሸምሱ። «ወሩ አለፈ እኮ። ሰው እንዳያነሳብህ ደብቄ ነው ያቆየሁት።»

«ዛሬ ይቅር» አልኩ።

«እንዴት ይቅር?»

«ይቅር ጋሽ ሸምሱ... በቃ ይቅር።»

ግራ ገብቶት ትዕግስትን ጠራት። አንዴ የተነበበ ዕቃ የሚሰረዘው በእሷ ቁልፍ ብቻ ነው። መጣች፣ ቁልፏን አዞረች፣ ስክሪኑን አየች።

«ቲቸር፣ የመመለሻውን ምክንያት ጻፊ ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ዓይኔን ከብስኩቱ ላይ አላነሳሁም።

ትዕግስት ፊቴን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስህተት ብዬ ልጻፈውና ይለፍ። ለሁሉም እንደዚያ ነው የምጽፈው።»

እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሳሙናዬን ይዤ እወጣለሁ፤ እናቴም አንድ ወር ትጨምራለች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ስህተት። ከዚያም ሌላ። እስከ መቼ እንደምችል አሰላሁ... እችል ነበር። የሚያስፈራው እሱ ነው። እችል ነበር።

«አትጻፊ» አልኩ። «ስህተት አይደለም። እናቴ ሞታ ነው።»

ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ግን አንዴ ከወጣ በኋላ አንገቴን አልደፋሁም።

ጋሽ ሸምሱ ብስኩቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «መቼ?»

«ሃያ ቀን ሆናት።»

«ሃያ ቀን!» ተቆጣ፤ የእውነት ተቆጣ። «ሃያ ቀን ሙሉ በዚህ በር ስታልፍ? እኛ ምንህ ነን? ሰው አይደለንም?»

መልስ አልጠበቀም። «ኢና ሊላሂ...» እያለ ሄዶ የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ። ቤትህ እስክንደርስ ማን ይጠብቃል» አሉኝ ጆንያውን እያሳዩ። ጋሽ ሸምሱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋውን የለበሰውም ልጅ ተቀመጠ። ትዕግስት ወንበሯን ጎተተች። ማሽኗ ብቻ፣ ምክንያቱን እየጠበቀች፣ መብራቷን አብርታ ቆማለች።

እኔ አላለቀስኩም... ፍቼም አላለቀስኩም ነበር።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ውሃ ሊገዛ ገባ። በመደርደሪያዎቹ መሃል ቁጭ ብለን ሲያየን ቆመ።

«ምነው፣ ማሽኗ ተበላሸች እንዴ?»

«ለቅሶ ነው» አሉት እማማ ዘነበች።

የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። የማን ለቅሶ እንደሆነ አልጠየቀም። ጆንያው ላይ ጠጋ አስባለኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

ያለቀስኩት ያኔ ነው።